ፎስፌት አሳሪ መድኃኒቶች በኩላሊት እጥበት ሕክምና

ፎስፌት አሳሪ መድኃኒቶች የኩላሊት እጥበት (ዲያሊሲስ) የሚደረግላቸው ሕሙማን ከምግብ ጋር የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ናቸው። በምግቡ ውስጥ ያለውን ፎስፌት ወደ ደም ሳይገባ አንጀት ውስጥ ይዘው ከሰገራ ጋር ያስወጡታል።

ጤነኛ ኩላሊት ትርፍ ፎስፌትን በሽንት ስለሚያስወግድ፣ የአዋቂ ሰው የደም ፎስፌት አብዛኛውን ጊዜ በዴሲ ሊትር ከ2.5 እስከ 4.5 ሚሊ ግራም ነው። ኩላሊት ሲደክም ይጠራቀማል። መጠኑ ከፍ ብሎ ሲቆይ ቆዳን ያሳክካል፤ የፓራታይሮይድ ዕጢ ሆርሞን እንዲበዛ አድርጎ አጥንትን ያሳሳል፤ ከካልሲየም ጋር ተጣምሮም የደም ሥሮችን ያደድራል። ሕመምተኛው ግን ለዓመታት ምንም ላይሰማው ይችላል።

እጥበቱ ብቻውን የማይበቃው ፎስፌት በአብዛኛው የሚገኘው በአጥንትና በሕዋሳት ውስጥ ስለሆነ ነው። ማሽኑ ደም ውስጥ ያገኘውን ቶሎ ያጥባል፤ ከውስጥ የሚወጣው ግን ዝግ እያለ ነው። አራት ሰዓት የሚፈጅ አንድ እጥበት በግምት ከ600 እስከ 1,000 ሚሊ ግራም ፎስፈረስ (የፎስፌት መጠን የሚሰላው በእሱ ነው) ያወጣል፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ ቢታጠቡ ቢበዛ 3,000 ገደማ ነው። በቀን 1,000 ሚሊ ግራም ከሚበላ ሰው 600 ያህሉ ወደ ደሙ ቢገባ በሳምንት 4,200 ይሆናል። ልዩነቱን መሸፈን ያለባቸው አመጋገብና ክኒን ናቸው።

ከሁሉ በላይ ወሳኙ ሰዓቱ ነው። በባዶ ሆድ የተዋጠ አሳሪ የሚያስረው ፎስፌት አያገኝም፤ ካልሲየም ያለበት ከሆነ ደግሞ ካልሲየሙ ራሱ በብዛት ወደ ደም ይገባል። መድኃኒቱ ከምግቡ ጋር ይወሰዳል፤ ምሳውን ያልበላ ሰው የምሳውን ክኒን አይውጥም። «በቀን ሦስት ጊዜ» ብሎ ብቻ መጻፍ ሕመምተኛውን ያሳስታል።

በመጀመሪያ በስፋት ያገለገለው አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ነበር። አሉሚኒየሙ በአንጎልና በአጥንት ተከማችቶ ብርቱ ጉዳት ማድረሱ ሲታወቅ ለረጅም ጊዜ መስጠቱ ቀረ። ካልሲየም ካርቦኔት ርካሽ ነው፤ ባለ 1,250 ሚሊ ግራሙ ክኒን 500 ሚሊ ግራም ካልሲየም ይይዛል። የደም ሥርን ማደደር ያባብሳል ተብሎ ስለሚሠጋ፣ የ2017ቱ (እ.ኤ.አ.) ዓለም አቀፉ የኬዲጎ (KDIGO) የኩላሊት ሕክምና መመሪያ መጠኑ እንዲገደብ ይመክራል። ሴቬላመር ካልሲየምም ሆነ ሌላ ብረታ ብረት የለበትም፤ ክኒኑ ሳይታኘክ ይዋጣል፣ የሆድ ድርቀትም ያመጣል። ላንታነም ካርቦኔት ግን በደንብ መታኘክ አለበት። ብረት (አይረን) ያለባቸው አሳሪዎች ሰገራን ያጠቁራሉ፤ ሕመምተኛው አስቀድሞ ካልተነገረው ደም መስሎት ይደነግጣል። በ2023 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ለዚሁ ሕክምና የተፈቀደው ቴናፓኖር አሳሪ አይደለም፤ ፎስፌት በአንጀት ሕዋሳት መካከል እንዳያልፍ መንገዱን ያጠባል፤ ዋናው ጉዳቱ ተቅማጥ ነው።

የምግቡም ዓይነት ይለያል። በኮላ መጠጦችና በታሸገ ሥጋ ላይ የሚጨመረው ፎስፌት ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር መጠን ወደ ደም ይገባል፤ በጥራጥሬ ያለው ግን በአብዛኛው አንጀት በቀላሉ የማይፈጨው ፋይቴት የተባለ ውህድ ሆኖ ስለሚገኝ የሚገባው ያነሰ ነው። በፎስፌት በኩል ከታየ፣ ጿሚውን ሕመምተኛ ሽሮ ከልክሎ ኮላውን ዝም ማለት ትክክል አይደለም።

አሳሪዎቹ ሌሎች መድኃኒቶችንም ያስራሉ። ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ከሴቬላመር ቢያንስ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ ይወሰዳል፤ የታይሮይድ መድኃኒቱ ሊቮታይሮክሲንና ካልሲየም ካርቦኔት ደግሞ የ4 ሰዓት ልዩነት ይፈልጋሉ።