የከበሮ እጅ፤ ከማኅሌት እስከ ማርሽ ባንድ

ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ታሪክ በተጻፈ ቁጥር ቅኝቱ፣ ዜማውና ግጥሙ ሰፊ ቦታ ይሰጣቸዋል። ከበሮው የሚወሳው አብዛኛውን ጊዜ ከበዓሉ ጌጥ፣ ከካባውና ከጥላው ጋር ተደምሮ ነው። ከበሮውን የሚመታው እጅ ግን ከነጭራሹ ተረስቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም። እጅም እንደ ድምፅ ይማራል፤ ይሠለጥናል፤ መምህር ካጣም ይበላሻል። በአገራችን ይህ የእጅ ትምህርት በሁለት መንገድ ተጉዟል፤ አንደኛው ከቤተ ክርስቲያን የአቋቋም ጉባኤ የተነሣ ሲሆን ሁለተኛው ከውጭ ከመጣው የሰልፍ ሙዚቃ ጋር የገባ ነው። ሁለቱ መንገዶች በአንድ ከተማ፣ አንዳንዴም በአንድ ሰው እጅ ላይ ቢገናኙም፣ እስካሁን በቅጡ ሲነጋገሩ አልተሰማም።

የማኅሌቱ ከበሮ እንደሚታወቀው ከተፈለፈለ ግንድ የሚሠራ፣ በሁለቱም አፉ ቆዳ የተወጠረበት፣ በጠፍር የተጠፈረና በማንገቻ ከአንገት የሚንጠለጠል ነው። አንዱ አፉ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ነው። ሊቃውንቱ ለእያንዳንዱ ክፍል ምሥጢራዊ ትርጓሜ ይሰጡታል፤ ትርጓሜው ከመምህር መምህር ቢለያይም የሰፊው አፍና የጠባቡ አፍ መለየት በሁሉም ዘንድ ትኩረት ያገኘ ነው። ለሙዚቃ ባለሙያም የነገሩ ቁልፍ ያለው በዚሁ ልዩነት ላይ ነው። ሰፊው አፍ ወፍራምና ረጅም ድምፅ፣ ጠባቡ ቀጭንና አጭር ድምፅ ስለሚሰጥ፣ የመቺው ሁለት እጆች ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ሁለት የተለያየ ሥራ ይይዛሉ። እኩል እንዲሆኑ አይጠበቅባቸውም። አንዱ ይናገራል፤ ሌላው ይመልሳል።

ይህን እጅ የሚያሠለጥነው የአቋቋም ትምህርት ነው። ትውፊት የዜማውን ድርሰት በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለነበረው ለቅዱስ ያሬድ ይሰጣል፤ አቋቋም ደግሞ ያንን ዜማ በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ፣ በአካል እንቅስቃሴም ጭምር ማቅረብ ነው። ተማሪው አስቀድሞ ጸዋትወ ዜማውን በቃሉ መያዝ አለበት። ከዚያ አንዱን ቃል በተለያየ ደረጃ ይቆመዋል። በቁም ዜማው ያለ መሣሪያ ይባላል፤ በዝማሜ መቋሚያው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየተወዛወዘ ጊዜውን ይለካል፤ በመረግድ ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ፤ በጽፋት ምቱ ይፈጥናል፤ ጭብጨባም ይጨመራል። ከበሮ መቺው መጀመሪያ ከመሬት ተቀምጦ በዝግታ የመታውን ኋላ አንግቶት ይነሣል፤ እየተወዛወዘም ይመታል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። አንድ ተማሪ ከበሮውን ከመንካቱ በፊት ያንኑ ቃል በድምፁ፣ ቀጥሎም በክንዱና በወገቡ አሳልፎታል። እጁ ቆዳውን ሲያገኝ የሚመታው አዲስ ነገር አይደለም፤ በአካሉ የኖረውን ነው። በዚህ ምክንያት የአቋቋም መምህር «ስንት ጊዜ ቀኝ፣ ስንት ጊዜ ግራ» ብሎ የሚያስቆጥር መልመጃ አላስፈለገውም። ምቱ ከቃሉ ጋር የተሰፋ ነው። ይህ ታላቅ ብልኃት ነው፤ ነገር ግን ዋጋ አለው። ቃሉን የማያውቅ ሰው ምቱን ብቻ ለይቶ ሊማረው አይችልም። ለዓመታት የጉባኤ ቤት ደጅ ያልጠና ሰው ከዚህ የእጅ ትምህርት አይደርስም።

ለአቋቋም ማስመስከሪያነት የጎንደር በአታ ለማርያም ስም ቀድሞ ይነሣል። ከዚያው ምድር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተነሡት አለቃ ገብረ ሐና፣ ሕዝቡ ይበልጥ በቀልዳቸው ቢያስታውሳቸውም፣ በሙያው ታሪክ የሚታወሱት በሌላ ነገር ነው። የጣናን ሞገድ አይተው አዲስ የአካል አወዛወዝ ፈጠሩ ይባላል፤ ስልቱም በልጃቸው ስም «የተክሌ አቋቋም» ተብሎ ከደብረ ታቦር ተስፋፋ። ቀልደኛው አለቃ የአካልና የምት ፈጣሪ መሆናቸው ከቀልዳቸው ያላነሰ ሊነገር ይገባው ነበር።

ከማኅሌቱ ውጭ የመንግሥት ከበሮ ነበረ፤ ነጋሪት። ይህ ግማሽ ሉል ቅርጽ ያለው፣ አንድ አፍ ብቻ የተወጠረ፣ በእጅ ሳይሆን በዱላ የሚመታ ነው። ሹመት ሲሰጥ፣ ክተት ሲታወጅ፣ ንጉሥ ሲንቀሳቀስ ይጎሰም ነበር። የነጋሪቱ ቁጥር የማዕርግ መለኪያ ነበር እንጂ የስልት ብዛት መለኪያ አልነበረም፤ ነጋሪት ጎሳሚው የሚፈለግበት ክብደትና ድግግሞሽ ነው። በ1934 ዓ.ም. መውጣት የጀመረው የመንግሥት የሕግ ጋዜጣ «ነጋሪት ጋዜጣ» መባሉ፣ ድምፁ ከአደባባይ ሲጠፋ ስሙ በወረቀት ላይ መቅረቱን ያሳያል።

ሁለተኛው መንገድ የሚጀምረው ከአድዋ ድል በኋላ ነው። ከሩሲያው ዛር ለዳግማዊ ምኒልክ የተላኩት የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያዎች የመጀመሪያውን የሰልፍ ባንድ አስገኙ። ይበልጥ የጸናው እርምጃ ግን የተወሰደው በ1916 ዓ.ም. ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በኢየሩሳሌም ያገኟቸውን 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጡ፤ «አርባ ልጆች» የሚለው ስም ከዚያ ቀረ። የባንዱ መሪ ኬቮርክ ናልባንዲያን በ1923ቱ የንግሥ በዓል ላይ የተሰማውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰ ሰው ነው፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነበር። ከጠላት ወረራ በኋላም የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ባንዶች ተደራጁ፤ ፖላንዳዊው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች፣ ከዚያም የኬቮርክ ወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በከተማይቱ የሙዚቃ ኑሮ ላይ ጉልህ አሻራ ተዉ። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ቴአትር ቤት፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ይህንኑ ሙያ ከሰልፍ ሜዳ ወደ መድረክ አሻገረው።

ከጥሩምባውና ከክላርኔቱ ጋር ታምቡር መጣ። የታምቡር ትምህርት ከአቋቋሙ ጋር ሲነጻጸር ፍጹም ተቃራኒ ነው፤ ዜማም ቃልም የለውም፤ የሚጀምረው ከሁለት በትሮች ነው። ተማሪው ቀኝ ግራ ቀኝ ግራ እያለ ነጠላውን ምት ይለማመዳል፤ ቀኝ ቀኝ ግራ ግራ ብሎ ድርቡን፤ ከዚያ ሁለቱን አደባልቆ ቀኝ ግራ ቀኝ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ግራ ግራ። ከዋናው ምት አስቀድሞ ሌላው በትር በቀላሉ ነካ የሚያደርግበት ስልትም አለ። የታምቡር ሀ ሁ እነዚህ ናቸው። ሁሉም የሚጠኑት በጣም በዝግታ ተጀምረው፣ ቀስ በቀስ እየፈጠኑ ሄደው፣ እንደገና ወደ ዝግታ በመመለስ ነው። ዓላማው ደካማውን እጅ ከብርቱው ማስተካከል ነው፤ አድማጩ ዐይኑን ጨፍኖ ቢሰማ የትኛው በትር እንደመታ መለየት የለበትም።

ፈረንጆቹ ይህንን ሀ ሁ በጽሑፍ ያጸኑት በአንድ ጀንበር አይደለም። ሙያው የእግረኛ ጦር ነበር፤ ትእዛዝ፣ እርምጃና ማንቂያ በታምቡር ይተላለፉ ስለነበር በጦር ሜዳ የተሳሳተ ምት የተሳሳተ ትእዛዝ ነው። አሜሪካዊው ቻርልስ አሽዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1812 መሠረታዊ ምቶችን በመጽሐፍ አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1933 በቺካጎ የተሰባሰቡ ታምቡር መቺዎች ማኅበር አቋቁመው 13 ምቶችን «አይታለፌ» ብለው ለዩ፤ ኋላ ሌላ 13 ጨመሩና 26 ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1984 ዝርዝሩ ወደ 40 አደገ። የቦስተኑ ጆርጅ ሎረንስ ስቶን እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመው የመልመጃ መጽሐፍ እያንዳንዱ መልመጃ ሳይቋረጥ 20 ጊዜ እንዲደገም ያዛል። ትዕግሥቱ ከዜማ ተማሪው ትዕግሥት የሚያንስ አይደለም፤ የሚለየው የሚደገመው ነገር ነው።

ሁለቱን ሙያዎች የሚያገናኝ አንድ ያልታሰበ ነገር አለ፤ ማንገቻው። የታምቡር መቺው ግራ መዳፍ ወደ ላይ ተገልብጦ በትሩን የሚይዘው፣ ከጎን የተንጠለጠለ ታምቡር ሲራመዱበት ስለሚያዘነብል ነው። መሣሪያው ከማንገቻ ወርዶ በመቆሚያ ላይ ከተቀመጠ በኋላም ብዙዎች ያንኑ አያያዝ አልተዉትም። የማኅሌቱም ከበሮ ከአንገት በመንጠልጠሉ ሁለቱ አፎች ለሁለት እጆች ተከፍለው ቀሩ። ስለዚህ በሁለቱም ወገን የእጁን ጠባይ የወሰነው እየተንቀሳቀሱ መምታት ነው፤ በአንደኛው ሰልፉ፣ በሌላኛው ሽብሸባው።

በ1950ዎቹ አጋማሽ ሁለቱ ሊተዋወቁ የሚችሉበት አጋጣሚ ተፈጥሮ ነበር። ግብጻዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበባት ማእከል ያቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ፣ ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ ዋሽንቱንና ከበሮውን በአንድ መድረክ አሰለፈ፤ ኋላም ተስፋዬ ለማ መራው። በዚያው ዘመን በአሸናፊ ከበደ ዳይሬክተርነት የተጀመረው የሙዚቃ ትምህርት ቤት የያሬድን ስም ይዞ አደገ። ያሬድ በሚል ስም የሚጠራ ትምህርት ቤት የያሬድን የከበሮ እጅ በኖታ አስፍሮ የመልመጃ መጽሐፍ ያወጣል ተብሎ ቢጠበቅ አግባብ ነበር። የጥናቱ ዓይን ግን በአብዛኛው በቅኝቱና በዜማው ላይ አረፈ። ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ በየቀበሌውና በየከፍተኛው የኪነት ቡድኖች ሲቋቋሙ፣ በ1980 ዓ.ም.ም የሕዝብ ለሕዝብ ቡድን ባሕር ማዶ ሲሻገር፣ ከበሮው በየመድረኩ ነበር። የከበሮ መቺው ትምህርት ግን እንደ ቀድሞው አይቶ መያዝ ሆኖ ቀጠለ።

በተለይ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ያለው እጅ የራሱ መማሪያ አለው። ለእንቁጣጣሽ «አበባየሆሽ» የሚሉ ልጃገረዶች ከበሮውን ይቀባበላሉ፤ ለቡሄ ወንዶቹ ልጆች ዱላቸውን መሬት ላይ እየመቱ ይመላለሳሉ፤ በሠርግ ቤት ሴቶቹ ናቸው መቺዎቹ። በሐረር በዝክሩ ላይ ካራቡ ይመታል፤ በኦሮሞ ዘንድ ድቤ፣ በሌላው ቦታ አታሞ። ከበሮ በጠፋበት ጀሪካን ይገለበጣል። የታምቡር ሀ ሁ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ጎማ የተለበጠበት ጣውላና ሁለት በትር ይበቁታል።

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከ1950ዎቹ አንሥቶ የከተማይቱ ጥራጊ የሚደፋበት ቆሼ ጎማው፣ ጀሪካኑና ጣሳው የሚለቀሙበት የብዙ ሰዎች መተዳደሪያ ሆኖ ኖረ። ኮልፌ ራሱ የሥልጠና ሰፈር ነው፤ ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ትምህርቱን የተቀበለው በዚያው በፈጥኖ ደራሽ ጦር ዘንድ ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ቁልል ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ቀበረ። በዚያ የሐዘን ሳምንት በአብያተ ክርስቲያናቱ ማኅሌት ከበሮ አልተሰማም፤ ስለ አደጋው ተብሎ ሳይሆን ወቅቱ ሁዳዴ ስለነበረ ነው። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፤ መቋሚያው ብቻ ይወዛወዛል። ይህ ዕረፍት ለሥርዐቱ የሐዘን ምልክት ነው፤ ለእጁ ትምህርትም የራሱ ፍሬ አለው። በየዓመቱ 55 ቀን መቺው ወደ ዝማሜ፣ ማለትም ምቱ በእጁ ሳይሆን በአካሉ ወደሚኖርበት ደረጃ ይመለሳል። የታምቡሩ ተማሪ ከፍጥነት ወደ ዝግታ እንደሚመለሰው መሆኑ ነው።

በዘመናዊው ባንድ ውስጥ የሁለቱ ትምህርቶች ግንኙነት የታየው በድራም ላይ ነው። እንደ ዋልያስ ባሉ ባንዶች ዘመን ችክችካውን በድራም የመታ ሰው፣ የሰፊውን አፍ ድምፅ ለእግሩ፣ የጠባቡን ለበትሩ ማከፋፈል ነበረበት። በ6 የሚቆጠረው ይህ ምት አንዴ ለ2፣ አንዴ ለ3 የሚከፈል መስሎ ስለሚሰማ፣ እጆቹን ፍጹም እኩል አድርጎ የሠለጠነ መቺ በመጀመሪያ ይሳሳትበታል፤ ሁለቱ እጆች እኩል ሲከብዱ ችክችካው እርምጃ ይሆናል። በአንጻሩ በከበሮ ብቻ ያደገ እጅ ቦታውን አይስትም፤ ግን የግራው ድካም በፈጣን ዘፈን ላይ ያጋልጠዋል። አንዱ የጎደለው በሌላው ቤት ነበረ።

ከ1980ዎቹ ወዲህ ኪቦርድና የምት ማሽን በየካሴቱ ሲገቡ ጥያቄው ተቀየረ። ማሽኑ አይደክምም፤ ግራና ቀኝ የለውም። በእርሱ የተቀረጸው ችክችካ ምት ሁሉ እኩል የሚከብድበት፣ የሰፊውና የጠባቡ አፍ መመላለስ የማይሰማበት ሆነ። ያንን መመላለስ በእጃቸው የያዙት የአቋቋም መምህራን ዛሬም በየደብሩ ያስተምራሉ፤ መረግዱንና ጽፋቱን ቃል በቃል፣ የግራውንና የቀኙን ድርሻ ለይቶ በኖታ ለማስፈር የሚቀመጥ ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ ሊጠይቃቸው ይችላል።