ወደ ኩባ የሚሄዱ ጀልባዎች፦ ዲትሮይት በመጠጥ ክልከላ ዘመን



ንግግሬን ከአንድ የጉምሩክ ወረቀት ልጀምር፤ ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በ1920ዎቹ በካናዳዋ ዊንዘር ውስኪ የጫነች ትንሽ ጀልባ መድረሻዋን «ኩባ» ብላ ታስመዘግብ ነበር። የካናዳ ሕግ መጠጥን ወደ ውጭ መላክ ስለሚፈቅድ ወረቀቱ ማኅተም ይመታበታል። ጀልባዋም በዚያው ቀን ባዶዋን ተመልሳ ለሌላ ጭነት፣ ለሌላ «ኩባ» ትሰለፋለች። በጠባቡ ሥፍራ አንድ ኪሎ ሜትር ከማይሞላው ወንዝ ማዶ ያለችው ግን ዲትሮይት ነበረች። ክረምት ሲገባና ወንዙ ሲረጋ የመኪናዋ ከተማ አሮጌ መኪናዎቿን በበረዶው ላይ ትነዳለች፤ በረዶው ቢከዳ ዘሎ ለማምለጥ በሩን ከፍቶ የሚነዳም ነበር።

የሚሺጋን ግዛት መጠጥን የከለከለችው በ1918 ነው፤ የመላ አገሪቱ ክልከላ በ1920 ሲጸና ዲትሮይት ከጎረቤቷ ኦሃዮ በማሻገር ሥራውን ተለማምዳ ነበር። በከተማው አነጋገር «ዕውር አሳማ» የሚባሉት ድብቅ መጠጥ ቤቶች በየሰፈሩ ተከፈቱ። ስትሮ የተባለው ቢራ ጠማቂ ወደ አይስክሬምና ወደ ብቅል ፈሳሽ ዞረ፤ ፈሳሹን የገዛ ሰው በቤቱ ምን እንደሚያደርግበት የሚጠይቀው አልነበረም።

ስለዚህ ዘመን ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚወሳው ፐርፕል ጋንግ የተባለው የወንበዴዎች ቡድን ነው። ደም ማፍሰሱ እውነት ነው። እኔ ግን ተማሪዎቼ ከሽጉጡ ይልቅ ሕጉ በማን ላይ እንደከበደ እንዲመረምሩ እሻለሁ። የፌደራሉ ሕግ ከክልከላው በፊት ያከማቸውን መጠጥ በቤቱ የሚጠጣውን ሰው አይነካም፤ ጎተራ ሙሉ መጠጥ አስቀድሞ ለመግዛት ደግሞ ገንዘብ ያሻል። በአንጻሩ በ1928 በግዛቲቱ ዋና ከተማ በላንሲንግ አንዲት የአሥር ልጆች እናት አንድ ሊትር የማይሞላ ጂን በመሸጧ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባት። ጥፋቷ አራተኛ ስለነበር፣ ተደጋጋሚ ወንጀለኞችን የሚመለከተው አዲሱ የግዛቲቱ ሕግ ለዳኛው ሌላ ምርጫ አልተወለትም። ፍርዱ ብዙ ቁጣ ቀሰቀሰ፤ በኋላም ቅጣቱ ተቀነሰላት። ያቺን ሴት ከባለ «ኩባው» ጀልባ አጠገብ ሳላቆም ስለዚህ ሕግ ማስተማር አይሆንልኝም።

በሚያዝያ 1933 ክልከላውን የሚሽረውን ማሻሻያ ከግዛቶች ሁሉ ቀድማ ያጸደቀችው ይህችው ሚሺጋን ናት። ስትሮም ወደ ቢራው ተመለሰ፤ አይስክሬሙን ግን አላቆመም።