ከጠገራ ብር እስከ ፈቃድ ቁልፍ

በ19ኛው መቶ ዓመት ከጎንደር ወደ ምጽዋ የሚጓዘው ነጋዴ በወገራ በኩል ዳባትንና ደባርቅን አልፎ፣ የላማሊሞን ቁልቁለት ወርዶ፣ ተከዜን ይሻገር ነበር። ወደ ባሕር ከሚወስዳቸው ሸቀጦች መካከል ቡና፣ ሰም፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ሲገኙ፣ ወደ ደጋው ከሚመለስባቸው ነገሮች ዋነኛው ጠገራ ብር ነበር። ታዲያ የተቀበለው ብር እውነተኛ ስለ መሆኑ ማረጋገጫው ምንድን ነው? ብሩን ያወጣው መንግሥት ያለው በኦስትሪያ ስለ ሆነ፣ ሄዶ መጠየቅ አይቻልም። ምርመራው እዚያው ገበያው ላይ፣ በብሩ ገላ ብቻ መፈጸም ነበረበት።

ይህን የቆየ ጉዳይ የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። የኮምፒዩተር ፕሮግራም ገዝቶ፣ በተለምዶ ላይሰንስ ኪይ የሚባለውን የፈቃድ ቁልፍ የተረከበ የመሥሪያ ቤት ባለሙያም የሚገጥመው ይኸው ጥያቄ ነው።

ማርያ ቴሬዛ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1780 ብትሞትም፣ መልኳን የያዘው ብር ያንኑ ዓመት እንደ ተሸከመ መታተሙን ቀጠለ። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን፣ ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። የአገራችን ገበያተኛም የራሱ የምርመራ ደንብ ነበረው። በንግሥቲቱ የራስ ጌጥ ላይ የተደረደሩት ፈርጦች፣ በትከሻዋ ላይ ያለው ጌጥ፣ ከምስሏም በታች ያሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ጎልተው መታየት ነበረባቸው፤ የደበዘዘ ብር ይመለሳል። በጠርዙ ዙሪያ የተቀረጸው ጽሑፍም ብሩ ተሞርዶ እንዳይጎድል ይጠብቀዋል።

ይህ ልማድ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበር ከሁለት ነገሮች እንረዳለን። የ1887 ዓ.ም. ጽሑፍ ያለበትና በፓሪስ የታተመው የዳግማዊ ምኒልክ ብር፣ ከአገሩ ንጉሥ የወጣ ሆኖ ሳለ፣ ጠገራውን ከገበያ ሊያስወጣው አልቻለም። በሌላ በኩል በአውሮፓ አቆጣጠር በ1935 ኢጣሊያ ማተሚያ ቅርጹን ከኦስትሪያ አግኝታ በሮም ማተም ስትጀምር፣ በእነዚያው ዓመታት ፓሪስ፣ ለንደንና ብራስልም ያንኑ ብር አተሙ። ገበያው የሚጠይቀው ስለ አታሚው ሳይሆን ስለ ምልክቱና ስለ ብሩ ነበርና ብሩ ተቀባይነት አላጣም። ገበያተኛውም አልተሳሳተም፤ ዋጋው በእጁ ባለው ማዕድን ውስጥ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ የፈቃድ ቁልፎችም የሚመረመሩት እንደዚሁ በመልካቸው ነበር። ለምሳሌ ለዊንዶውስ 95 ቁልፍ ከተደነገጉት ሁኔታዎች አንዱ፣ የመጨረሻዎቹ ሰባት አኃዞች ድምር ለሰባት ያለ ቀሪ መካፈሉ ነበር። ይህን ስሌት የደረሰበት ሰው ሁሉ ግን ቁልፍ መፍጠር ይችላል፤ ፕሮግራሙም የተፈጠረውን ከተሸጠው ለይቶ አያውቅም።

ለዚህ ሁለት መፍትሔዎች ተገኙ። አንደኛው ዲጂታል ፊርማ ነው። ሪቨስት፣ ሻሚርና ኤድልማን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1977 በደረሱበት ዘዴ መሠረት፣ ባለቤቱ በምስጢር ቁልፉ የፈረመውን ማንም ሰው በይፋው ቁልፍ ሊመረምረው ይችላል፤ ሊፈርመው ግን አይችልም። ሁለተኛው አውጪውን መጠየቅ ነው። ማይክሮሶፍት በ2001 ከዊንዶውስ ኤክስፒ ጋር በስፋት የሠራበት ደንብ ቁልፉንና ኮምፒዩተሩን አገናኝቶ በኢንተርኔት ወይም በስልክ ያስመዘግባል።

እነዚህ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ፊርማው መስመር በሚቋረጥበት ስፍራ ሁሉ ይሠራል፤ ነገር ግን የሚናገረው ቁልፉ ከማን እንደ ወጣ እንጂ አሁን በስንት ሰው እጅ እንዳለ አይደለም። የጠገራ ብርና የፈቃድ ቁልፍ ልዩነትም እዚህ ላይ ነው። አንድ ብር በአንድ ጊዜ በሁለት ሰው ኪስ ሊገኝ አይችልም፤ አንድ እውነተኛ ቁልፍ ግን በመቶ ኮምፒዩተር ላይ ሊጻፍ ይችላል። ቁልፉ በራሱ ማዕድን የለውም፤ የተሰጠ ፈቃድ ምልክት ብቻ ነው። ፈቃዱ የሚታወቀውም በመዝገብ ነው።

ስለዚህ «ቁልፉ ሠርቷል» ማለት «ቁልፉ እውነተኛ ነው» ማለት አይደለም። የሚሠራ ቁልፍ በርካሽ ገዝቶ በማግስቱ የታገደበት መሥሪያ ቤት ገንዘቡን ያጣል፤ ቁልፍ ፈጣሪ ተብሎ የሚታደል ፕሮግራም ያስገባ ደግሞ ሰነዶቹን ለጥፋት ሊያጋልጥ ይችላል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ለኮምፒዩተር ፕሮግራም ጥበቃ ይሰጣል። በደባርቅም ሆነ በአዲስ አበባ የሚሠራ የሙያ ባልደረባችን ከመግዛቱ በፊት ሻጩ ከባለቤቱ የተሰጠ ሥልጣን እንዳለው፣ ፈቃዱ ለስንት ኮምፒዩተር እንደ ሆነና በማን ስም እንደ ተመዘገበ ይጠይቅ፤ ደረሰኙንና የፈቃዱን ሰነድም ከንብረት መዝገቡ ጋር ያስቀምጥ። የላማሊሞ መንገደኛ ሊጠይቀው ያልቻለውን አውጪ፣ እኛ መጠየቅ እንችላለን።