ውጅግራና የአረር መቅረጫው፤ ስለ ትጥቅ ነፃነት ታሪክ አንድ ማስታወሻ

ስለ 19ኛው ምዕተ ዓመት የኢትዮጵያ ጦርነቶች የተጻፉ ጥናቶች በአብዛኛው አንድ የጋራ ልማድ አላቸው። የጠመንጃውን ብዛት ይቆጥራሉ፤ ጠመንጃው ምን እንደሚጎርስ ግን እምብዛም አይጠይቁም። ይሁን እንጂ ጥይት ያላገኘ ነፍጥ ከዱላ አይሻልም። ስለዚህ የአንድ መንግሥት ትጥቅ በእርግጥ የራሱ መሆን አለመሆኑ የሚለካው በግምጃ ቤቱ በተደረደረው ብረት ብቻ ሳይሆን፥ የተተኮሰውን አረር መልሶ ለመተካት ባለው ችሎታ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ጥያቄ በአንዲት ትንሽ መሣሪያ፥ በአረር መቅረጫ፥ በኩል ማየት ነው።

የአረር መቅረጫ ማለት ሁለት ገጽ ያለው፥ ሲገጠም በመካከሉ የአረር ቅርጽ ያለው ክፍተት የሚተው፥ እንደ ጉጠት እጀታ ያለው የብረት ወይም የናስ መሣሪያ ነው። እርሳስ ቀልጦ ይፈስበታል፤ ሲረጋ ተከፍቶ አረሩ ይወድቃል። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ምርጫው ግን ቀላል አይደለም። አረሩ በአፈሙዙ ውስጥ ከተቀረጹት ጠመዝማዛ ፈለጎች ጋር በትክክል መግጠም አለበት። ከጠበበ ጋዙ በጎኑ ያመልጥና ዒላማውን ይስታል፤ ከሰፋ ወደ ጎሬው አይገባም። ክብደቱም ከፈለጎቹ ጥምዘዛ ጋር መስማማት ይኖርበታል። ጫፉ እንኳ የሚመረጠው እንደ ጠመንጃው ጠባይ ነው። እንደ አሜሪካው ዊንቸስተር ከቃታው ሥር ባለ ዘንግ የሚጎርሱት ጠመንጃዎች ጥይቱን ከአፈሙዙ በታች ባለ ቱቦ ውስጥ በተርታ ስለሚይዙ፥ የሾለ አረር የፊተኛውን ጥይት ቀስቃሽ ቆብ ወግቶ እንዳያፈነዳው ጫፉ ጠፍጣፋ እንዲሆን ያስፈልጋል። እንግሊዞች በ1871 እ.ኤ.አ. የተቀበሉት ማርቲኒ ሄንሪም በተመሳሳይ ዘንግ ይከፈታል፤ ነገር ግን አንድ ጥይት ብቻ ስለሚጎርስ ይህ ችግር የለበትም። የእርሱ አረር 31 ግራም የሚመዝን፥ 12 እጅ እርሳስና 1 እጅ ቆርቆሮ ተቀላቅሎ የተሠራ ነበር። እንግዲህ መቅረጫ መምረጥ ማለት ጠመንጃውን፥ ማዕድኑንና ባሩዱን አንድ ላይ ማወቅ ማለት ነው።

ነፍጥ በአፉ በሚጎርስበት ዘመን ይህ እውቀት በአገር ውስጥ ነበር። ባሩድ ከድኝ፥ ከጨው ባሩድና ከከሰል በየቦታው ይዘጋጅ ነበር። የሚቸግረው እርሳስ ነበር፤ ከውጭ የሚመጣና ውድ በመሆኑ ባለእጁ አንዳንድ ጊዜ በብረት ድቡልቡል አረር ለመሥራት ይገደድ ነበር። ሆኖም ክብ አረር ለክብ አፈሙዝ ነውና፥ ጥቂት ቢያንስም በጨርቅ ተጠቅልሎ ይተኮሳል። የነፍጡ ባለቤት የአረሩም ባለቤት ነበር።

ዐፄ ቴዎድሮስ ችግሩን ከማንም ቀድመው ተገንዝበውታል ማለት ይቻላል። መልሳቸው ግን ወደ ትልቁ ቅርጽ ያዘነበለ ነበር። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የአውሮፓ ሚስዮናውያንን ከአገሬው ባለእጆች ጋር አሰልፈው መድፍ አስቀለጡ፤ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የዚያ ጥረት ውጤት ነው። እንግሊዞች ግን ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ የመጡት ከኋላው የሚጎርስ ጠመንጃ ይዘው ነበር። ይኸውም አገራችን በኋላ «ሰናድር» ብላ የጠራችው ስናይደር ነው። በዚያ ቀን ከኢትዮጵያ ወገን 700 ያህል ሰው ሲያልቅ፥ ከእንግሊዝ ወገን በቁስላቸው የሞቱት 2 ብቻ ናቸው። ልዩነቱን የፈጠረው የመድፍ ትልቅነት አልነበረም፤ አረሩን፥ ባሩዱንና ቀስቃሹን በአንድ ቀለህ ያጣመረው ጥይት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ቀለህን የማግኘት ታሪክ ነው። ዐፄ ዮሐንስ በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ የግብፅን ጦር ሲደመስሱ በሺህ የሚቆጠር ረሚንግተን ማረኩ። ዳግማዊ ምኒልክ ደግሞ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከሁሉም በር ገዙ። ባለቅኔው አርተር ራምቦ በ1887 እ.ኤ.አ. ወደ ሸዋ ያመጣው 2,000 ያህል ጠመንጃ በአውሮፓ ከአገልግሎት የወጣ፥ በአፉ የሚጎርስ አሮጌ ነፍጥ እንደነበር ይታወቃል። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን እንደ ነጋዴ ማጭበርበር ብቻ ያዩታል። ነገር ግን ከአረሩ ወገን ሲታይ ሌላ ገጽታ አለው፤ አሮጌው ነፍጥ ከዘመናዊው ይልቅ በአገር ውስጥ በሚቀረጽ አረር ሊመገብ የሚችል ነበር። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ከአንቶኔሊ ጋር በተደረገው ውል ኢጣልያ 5,000 ረሚንግተን ለመስጠት ቃል ገባች። ከፈረንሳይ በኩል በጅቡቲ የመጣው 11 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የግራ ጠመንጃ ሲሆን፥ «ፉዚል ግራ» በአገሬው አፍ «ውጅግራ» ሆኖ ቀረ።

በሐምሌ 1890 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የብራስልስ ስምምነት ከ20ኛው ዲግሪ ሰሜን እስከ 22ኛው ዲግሪ ደቡብ ባለው የአፍሪቃ ክፍል ዘመናዊ መሣሪያ እንዳይገባ ሲከለክል፥ ኢትዮጵያ በክልሉ ውስጥ ነበረች። ስለዚህ ምኒልክ ከአንድ ሻጭ አንድ ዓይነት ጠመንጃ ብቻ የመግዛት ዕድል አልነበራቸውም። ውጅግራ፥ ረሚንግተን፥ ቬተርሊ፥ ማርቲኒ፥ በርዳን በአንድ ሰፈር ተሰበሰቡ። ለእያንዳንዱ የተለየ ጥይት ያስፈልጋል፤ ይህ ለግምጃ ቤት ሹም ከባድ ሸክም ነው። ይሁንና ሸክሙ በአንድ በር ከመታሰር ነፃ ማውጣቱ መዘንጋት የለበትም። በየካቲት 1885 ዓ.ም. ኢጣልያ ወዳጅነትን ለመግዛት የላከችው 2 ሚሊዮን ጥይት በደረሰበት ሰሞን ምኒልክ የውጫሌን ውል ማፍረሳቸውን አስታወቁ። ጥይቱም አልተመለሰም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የኢጣልያ ጦር የታጠቀው ይኸው ቬተርሊ ስለነበር፥ ከጠላት የተማረከ ዝናር ሁሉ ለኢትዮጵያዊው ቬተርሊ የሚሆን ስንቅ ነበር። ከዚያ ጦርነት የተማረከው 11,000 ገደማ ጠመንጃና 56 መድፍ በዚህ ዓይን ሲታይ ከምርኮ ብዛት የበለጠ ትርጉም ይኖረዋል።

የዚያ ትውልድ ጥይት ሌላም በጎ ጠባይ ነበረው። ውጅግራም ሆነ ቬተርሊ የሚተኩሱት በጥቁር ባሩድና በለስላሳ እርሳስ ነው። የናሱ ቀለህ ከተተኮሰ በኋላ ተለቅሞ እንደገና ሊሞላ ይችላል፤ አረሩ በመቅረጫ ይቀረጻል፤ ባሩዱም ከአገር ይገኛል። ከሦስቱ አካላት ሁለቱ በባለእጁ መዳፍ ነበሩ ማለት ነው። ሦስተኛው፥ ማለትም በቀለሁ ቂጥ ላይ የምትቀመጠውና ስትመታ እሳት የምትጭረው ቆብ፥ የኬሚስትሪ ፋብሪካ ውጤት በመሆኗ ከውጭ መምጣት ነበረባት። ጥይት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከአሞሌ ጋር እንደ ገንዘብ ይዘዋወር የነበረውም በአጋጣሚ አይደለም። ሁሉም የሚፈልገውና በቀላሉ የማይተካ ነገር ገንዘብ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ መራራ ሐቅ መነሣት አለበት። እርሳስ የሚያቀልጠው፥ ቀለህ የሚሞላው፥ የተሰበረ ቃታ የሚጠግነው ባለእጅ በኅብረተሰቡ ዘንድ የተናቀ ነበር። «ጠይብ» እየተባለ ይሰደብ፥ በቡዳነትም ይጠረጠር ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የከለከለውን አዋጅ ያወጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን አዋጅ ብቻውን አውደ ጥናት አይሆንም። ነፍጡን የያዘው ሲከበር ነፍጡን የሚመግበው የተናቀበት አገር፥ መቅረጫውን ወደ ፋብሪካ ለማሳደግ የሚያስፈልገውን ሰው በራሱ እጅ ያርቃል።

ይህ ጉድለት ዋጋ ያስከፈለው ቴክኒኩ ሲለወጥ ነው። በ1886 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዮች የለበል ጠመንጃን፥ አገራችን «ለበን» ያለችውን፥ ጭስ አልባ ባሩድ አስታጥቀው ሲያወጡ የአፈሙዙ ስፋት ከ11 ወደ 8 ሚሊሜትር ወረደ፤ ፍጥነቱም እጅግ ጨመረ። በዚያ ፍጥነት ራቁቱን ያለ እርሳስ በፈለጎቹ ላይ ይገፈፋል፤ ስለዚህ አረሩ በጠንካራ ብረት ሽፋን መልበስ ነበረበት። ያንን በጉጠት መቅረጫ መሥራት አይቻልም። ጭስ አልባው ባሩድም በመንደር አይወቀጥም። እንግዲህ ከውጅግራ ወደ ለበንና ወደ ምንሽር የተደረገው ሽግግር፥ በጦር ሜዳ እርምጃ ሲሆን፥ በትጥቅ ነፃነት ግን ወደ ኋላ መመለስ ነበር። በአገር ውስጥ የነበሩት ሁለቱ አካላትም ከእጅ ወጡ።

ውጤቱ በ1928 ዓ.ም. ታየ። ኢትዮጵያ በ1930 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ፥ ከፈረንሳይና ከኢጣልያ ጋር በተፈራረመችው ውል መሣሪያ የመግዛት መብቷን አስከብራ ነበር። ነገር ግን ወረራው ሲቃረብ በ1935 እ.ኤ.አ. ታላላቆቹ መንግሥታት ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። የራሷ ፋብሪካ ላላት ኢጣልያ ይህ ምንም አልነበረም፤ ለኢትዮጵያ ግን የመታነቅ ያህል ነበር። እገዳው ለኢትዮጵያ የተነሣው በጥቅምት፥ ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ ነው። በአንድ ሠራዊት ውስጥ አያት የታጠቀው ውጅግራና የልጅ ልጅ የያዘው አዲሱ መውዜር ጎን ለጎን ተሰለፉ፤ ዝናራቸው ግን ሊበዳደር አልቻለም።

አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው «የተለያየ ጠመንጃ መሰብሰቡ ከመጀመሪያው ስሕተት ነበር» ሊሉ ይችላሉ። ይህ ፍርድ ግን በተለያዩ ዘመናት መካከል ያለውን ልዩነት ያጠፋል። ጥቁር ባሩድ በነገሠበት ጊዜ ብዙ ሻጭ መኖሩ መድኅን ነበር፤ የጎደለውን ባለእጁ በከፊል ይሞላዋልና። ጭስ አልባው ባሩድ ሲመጣ ግን ያው ብዛት ድክመት ሆነ። ስሕተት ካለ በ1880ዎቹ በተገዛው ሳይሆን፥ ከአድዋ ድል በኋላ በነበሩት 40 ዓመታት በበቂ መጠን ባልተሠራው የጥይት ኢንዱስትሪ መፈለግ አለበት።

ነገሩ ለእኛ በስደት ለምንኖረው ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ከኢትዮጵያ ግምጃ ቤቶች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች፥ ውጅግራና ቬተርሊ ጭምር፥ በአሜሪካ አስመጪዎች እጅ ለሰብሳቢዎች እየተሸጡ ነው። ገዢው አፈሙዙን ለክቶ፥ ለዚያ ስፋት የሚስማማ መቅረጫ መርጦ፥ በጥቁር ባሩድ ይተኩሰዋል። አያቶቻችን በችግር ያደርጉት የነበረውን እርሱ ለመዝናናት ያደርገዋል፤ በዚህ ሊወቀስ አይገባም፤ እንዲያውም የአፈሙዙን ስፋት በመቶኛ ሚሊሜትር የሚያውቀው ዛሬ እርሱ ነው። የሚያሳዝነው ጠመንጃው ሲሸጥ ከእርሱ ጋር የሚሄደው ማስረጃ ነው። በሰደፉ ላይ የተቀረጸ ስም፥ በቁርበት የታሰረ ስንጥቅ፥ በአገር ባለእጅ የተተካ ምስማር፥ እነዚህ ሁሉ ያልተጻፈ ሰነድ ናቸው። ሰብሳቢው ሲያጸዳው ይጠፋሉ።

ከባልድዊን ሂልስ እስከ ፌርፋክስ ጎዳና ባሉት የሎስ አንጀለስ ኢትዮጵያውያን ቤቶች፥ አያት ነፍጥ ይዘው የተነሡት ፎቶግራፍ እንግዳ ነገር አይደለም። ያ ነፍጥ ምን ዓይነት እንደነበር፥ ጥይቱ ከየት ይመጣ እንደነበር፥ ቀለሁን ማን ይሞላው እንደነበር የሚናገሩ አረጋውያን ግን እያነሱ ሄደዋል። ፎቶግራፎቹን መመዝገብ፥ የጠመንጃዎቹን የአገር ቤት ስሞች ማሰባሰብ፥ ለገበያ የቀረቡትንም ከመጽዳታቸው በፊት በሥዕል ማስቀረት ከአቅማችን በላይ አይደለም። የጀግናው ስም በየመጽሐፉ አለ፤ አረሩን የቀረጸለት ባለእጅ ግን እስከ ዛሬ በታሪካችን ቦታ አላገኘም።