የዛፍ ግርዶሽና የሳተላይት ቴሌቪዥን በየካ

የዛፍ ግርዶሽ ከሳተላይት የሚመጣ የቴሌቪዥን ሞገድ ዲሹ ላይ ከመድረሱ በፊት በቅጠልና በቅርንጫፍ ሲጋረድ የሚፈጠር የአቀባበል ችግር ነው። በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ በሚገኘው የካ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም በእንጦጦ ተዳፋት ላይ ባሉ ሰፈሮች፣ ባሕር ዛፍና ጥድ ከመኖሪያ ቤቶች ጋር ተጎራብተው ይበቅላሉ። ችግሩ ሲያጋጥም ዛፉን መቁረጥ፣ ዲሹን ማዛወር፣ ሌላ ሳተላይት መምረጥ ወይም ሳተላይትን ትቶ በገመድ በሚመጣ አገልግሎት መጠቀም ይቻላል። ምርጫው በዋናነት የሚወሰነው ሳተላይቱ ከቤቱ ሲታይ በየት አቅጣጫና በምን ያህል ከፍታ እንዳለ ነው፤ አንድ ዛፍ አንዱን ሳተላይት ሙሉ በሙሉ ሲጋርድ ሌላውን ጨርሶ ላይነካ ይችላል።

ቦታውና ዛፎቹ

የካ ከመገናኛና ከሾላ አካባቢ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ሲሄድ የእንጦጦን ሸንተረር ደቡባዊ ተዳፋት ይይዛል። ሸንተረሩ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,200 ሜትር ይደርሳል። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ጉራራና ኮተቤ ከዚህ ተዳፋት ጋር የተያያዙ ሰፈሮች ናቸው።

ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በእንጦጦ ከተቀመጡ በኋላ የአካባቢው የተፈጥሮ ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ በመጨፍጨፉ ብርቱ የእንጨት እጥረት ተፈጥሮ ነበር። በ1887 ዓ.ም. አካባቢ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ይህን እጥረት አቃለለ፤ ቶሎ ስለሚያድግና ሲቆረጥ ከጉቶው እንደገና ስለሚያቆጠቁጥ ኮረብታውን በአጭር ጊዜ ሸፈነው። በየካ ሰፊ ግቢ ያላቸው የእንግሊዝና የፈረንሳይ ኤምባሲዎችም በዛፍ የተሞሉ ናቸው።

ባሕር ዛፍና ጥድ ዓመቱን ሙሉ ለምለም ናቸው። በቀዝቃዛ አገሮች ብዙ ዛፎች በክረምት ቅጠላቸውን ስለሚያራግፉ በበጋ የጠፋ ሥርጭት በክረምት ሊመለስ ይችላል። በየካ ግን በባሕር ዛፍ የተጋረደ ዲሽ ወቅት ተጠብቆ አይድንም፤ ዛፉ ባደገ ቁጥር ችግሩ ይብሳል።

ዛፍ ሞገድን እንዴት ይጋርዳል?

ለቤት ዲሽ የሚላከው ሥርጭት በአብዛኛው ኬዩ ባንድ በሚባለው፣ ከ10.7 እስከ 12.75 ጊጋኸርዝ ባለው የሞገድ ክልል ውስጥ ነው። የዚህ ሞገድ ርዝመት 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ቅጠልና ቅርንጫፍ በቀላሉ ይበትኑታል፤ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ውኃም ይመጠዋል። ቅጠሉ በዝናብ ሲርስ ደግሞ የሚመጠው መጠን ይጨምራል።

የዲጂታል ሥርጭት ጠባይ ችግሩን ድንገተኛ ያስመስለዋል። በአናሎግ ዘመን ደካማ ሲግናል በመንጣጣት ይታወቅ ነበር። የዲጂታል ሪሲቨር ግን ስሕተትን እስከ አንድ ወሰን ድረስ እያረመ ጥሩ ምስል ያሳይና ወሰኑ ሲታለፍ ምስሉ ይቆራረጣል፣ ከዚያም ይጠፋል። ስለዚህ ዛፉ ለዓመታት ሲያድግ ቆይቶ ቴሌቪዥኑ በአንድ ሳምንት ውስጥ የተበላሸ ሊመስል ይችላል።

የሳተላይቶቹ አቀማመጥ ከየካ ሲታይ

የቴሌቪዥን ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ከምድር ጋር እኩል ይዞራሉ። ስለዚህ ከመሬት ሲታዩ ባሉበት የቆሙ ይመስላሉ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ በመሆኗ ሁሉም በደቡባዊው የሰማይ ክፍል ይገኛሉ። በዚህ ምክንያት ከየካ በስተ ሰሜን ያለው የእንጦጦ ሸንተረር ሳተላይቶቹን አይጋርድም።

አቅጣጫቸው ከሰሜን ተነሥቶ በምሥራቅ በኩል ሲቆጠር፣ ከየካ በግምት እንደሚከተለው ነው።

* ኢትዮሳት (57 ዲግሪ ምሥራቅ)፦ አቅጣጫ 116 ዲግሪ፣ ማለትም ከምሥራቅ ወደ ደቡብ ያዘነበለ፤ ከአድማስ በላይ 66 ዲግሪ።
* ዲኤስቲቪ የሚተላለፍበት ሳተላይት (36 ዲግሪ ምሥራቅ)፦ አቅጣጫ 197 ዲግሪ፣ ወደ ደቡብ፤ ከአድማስ በላይ 79 ዲግሪ፣ ከአናት በላይ ሊባል የሚችል።
* ዓረብሳት (26 ዲግሪ ምሥራቅ)፦ አቅጣጫ 235 ዲግሪ፣ ደቡብ ምዕራብ፤ ከአድማስ በላይ 72 ዲግሪ።
* ናይልሳት (7 ዲግሪ ምዕራብ)፦ አቅጣጫ 261 ዲግሪ፣ ወደ ምዕራብ፤ ከአድማስ በላይ 37 ዲግሪ።

ከነዚህ ውስጥ በዛፍ ለመጋረድ እጅግ የተጋለጠው ዝቅ ብሎ የሚታየው ናይልሳት ነው። ለረጅም ጊዜ አብዛኞቹ የኢትዮጵያ ጣቢያዎች በዚሁ ሳተላይት በኩል ይታዩ ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ኤስኢኤስ ከተባለው የሉክሰምበርግ ኩባንያ ጋር ባቋቋመው ኢትዮሳት አማካይነት ብዙ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ኤንኤስኤስ-12 ወደተባለው ሳተላይት ተዛውረዋል። ለየካ ነዋሪ ይህ ዝውውር ዲሹን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ከማዞር በላይ ትርጉም አለው፤ አዲሱ ሳተላይት ከፍ ብሎ ስለሚታይ ብዙ ዛፎችን ያልፋል።

በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የመጠቀችው ኢቲአርኤስኤስ-1 የመቆጣጠሪያ ጣቢያዋ በእንጦጦ ቢሆንም የመሬት ምልከታ ሳተላይት እንጂ የቴሌቪዥን አልነበረችም።

የዛፉ ቁመትና ርቀት

ዛፉ በሳተላይቱ አቅጣጫ የቆመ ከሆነ፣ ጫፉ ከዲሹ በላይ ያለው ቁመት ለናይልሳት በ1.35፣ ለኢትዮሳት በ0.44፣ ለ36 ዲግሪው ሳተላይት በ0.2 ሲባዛ የሚጋርድበት ርቀት ይገኛል። ከዚህ ርቀት ውጭ ያለ ዛፍ አይጋርድም። ለምሳሌ 15 ሜትር የሆነ ባሕር ዛፍ ከዲሹ 5 ሜትር ከፍ ባለ እርከን ላይ ቢበቅል ጫፉ ከዲሹ በላይ 20 ሜትር ይሆናል። እንዲህ ያለው ዛፍ ናይልሳትን እስከ 27 ሜትር፣ ኢትዮሳትን እስከ 9 ሜትር፣ 36 ዲግሪውን ደግሞ እስከ 4 ሜትር ርቀት ድረስ ይጋርዳል። ርቀቱ የሚለካው ከግንዱ ሳይሆን ከቅርንጫፉ ጠርዝ ነው፤ ዛፉ ስለሚያድግም ጥቂት ሜትር መጨመር ይገባል።

በየቤቱ የሚታዩት ትንንሽ ዲሾች የሚመለከቱበት አቅጣጫ ዓይንን ያሳስታል። ኤል ኤን ቢው ከዲሹ መሐል ዝቅ ብሎ ስለሚገጠም ዲሹ በእርግጥ የሚመለከተው ፊቱ ከሚያሳየው ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ወዳለ ቦታ ነው። ስለዚህ ቀጥ ብሎ የቆመ የሚመስል ዲሽ ፊት ለፊት ያለ አጥር ወይም ቁጥቋጦ ሁልጊዜ ችግር ነው ማለት አይደለም።

ችግሩን መለየት

ዛፍ ከመቁረጥ ወይም አገልግሎት ከመቀየር በፊት የመቆራረጡን ምክንያት ማወቅ ያስፈልጋል።

* የዝናብ ተጽዕኖ፦ በከባድ ዝናብ ጊዜ ይጠፋል፣ ሲያባራ በራሱ ይመለሳል።
* የዛፍ ግርዶሽ፦ ነፋስ ቅርንጫፉን ሲያወዛውዝ ይቆራረጣል፤ ከዝናብ በኋላ ቅጠሉ እስኪደርቅ ይቆያል፤ ከወር ወደ ወር ይብሳል።
* የዲሽ መዛነፍ፦ ከኃይለኛ ነፋስ ወይም ጣሪያ ላይ ሰው ከሠራ በኋላ በአንድ ጊዜ ይጀምራል።
* የኤል ኤን ቢ ወይም የገመድ ብልሽት፦ ሰማዩ ጥርት ባለበትም ቀን ጨርሶ ላይሠራ ይችላል።

በሪሲቨሩ ላይ ከሚታዩት ሁለት መለኪያዎች ጥንካሬ የሚለው ኤል ኤን ቢው እስከሠራ ድረስ ከፍ ብሎ ሊቆይ ይችላል። ግርዶሽን የሚያሳየው ጥራት የሚለው ነው።

ፀሐይም መለኪያ ትሆናለች። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢት መጀመሪያና በመስቀል ሰሞን፣ ፀሐይ ከአዲስ አበባ ስትታይ በሳተላይቶቹ መስመር ላይ ታልፋለች። በእነዚህ ቀናት ከረፋዱ 5 ሰዓት አካባቢ በኢትዮሳት፣ ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ ደግሞ በናይልሳት አቅጣጫ ትሆናለች። በዚያ ሰዓት የዛፍ ጥላ የሚያርፍበት የጣሪያ ክፍል ለዚያ ሳተላይት የተጋረደ ነው፤ ፀሐይ የሚያገኘው ደግሞ ለዲሽ ተስማሚ ነው። ለጥቂት ደቂቃዎች ሥርጭቱ ራሱ ቢቋረጥ ፀሐይ በሳተላይቱ ጀርባ በማለፏ ስለሆነ ብልሽት አይደለም። ይህን ለማየት ጥላውን መመልከት ይበቃል፤ ፀሐይን በቀጥታ ማየት ዓይንን ይጎዳል።

አማራጮች

*ዲሹን ማዛወር።* ብዙ ጊዜ ርካሹ መፍትሔ ነው። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ ዲሹ 6 ሜትር ከፍ ቢል ዛፉ ናይልሳትን የሚጋርድበት ርቀት ከ27 ወደ 19 ሜትር ይወርዳል። ወደ ግቢው ሌላ ጥግ ማውረድም ሊበቃ ይችላል። ገመዱ ከ30 እስከ 40 ሜትር ሲያልፍ ሲግናሉ ስለሚዳከም ጥራት ያለው ገመድ ወይም ማጉያ ያስፈልጋል። በዛፍ የተጋረደን ሞገድ ግን ማጉያ አይመልሰውም። ትልቅ ዲሽም ለዝናብና ለቀላል ግርዶሽ እንጂ ለጥቅጥቅ ዛፍ አይረዳም።

*ሳተላይት መቀየር።* የሚፈለጉት ጣቢያዎች በኢትዮሳት የሚገኙ ከሆነ በምዕራብ በኩል ያለ ዛፍ አያሳስብም። ሁለቱን ሳተላይቶች ለመያዝ ግን በመካከላቸው የ64 ዲግሪ ልዩነት ስላለ በአንድ ዲሽ ላይ ሁለት ኤል ኤን ቢ መግጠም አይበቃም፤ ሁለት ዲሽ ያስፈልጋል።

*ዛፉን መግረዝ ወይም መቁረጥ።* ባሕር ዛፍ ስለሚያቆጠቁጥ መፍትሔው ጊዜያዊ ነው። በተዳፋት ላይ ያለ ሥር አፈርን ስለሚይዝም መቁረጥ ሌላ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ዛፉ የጎረቤት፣ የኤምባሲ ወይም የሕዝብ ደን ከሆነ ደግሞ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይነካም።

*በገመድ የሚመጣ አገልግሎት።* በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች ቤቶችን የሚያገናኝ የኬብል ቴሌቪዥን መረብ ከሳተላይት በፊት ተስፋፍቶ ስለነበር ዛፍ የበዛበት ቤት በቀላሉ ወደ ኬብል ይዞራል። በአዲስ አበባ እንዲህ ያለ ከተማ አቀፍ መረብ አልተዘረጋም። ቦታውን የሚይዘው የኢትዮ ቴሌኮም መደበኛ ኢንተርኔት፣ በተለይም የፋይበር መስመር ነው፤ ጣቢያዎች በኢንተርኔት የሚያሰራጩትን በስማርት ቴሌቪዥን ወይም በስልክ ማየት ይቻላል። ጥራት ላለው ምስል በሰከንድ 5 ሜጋ ቢት ያህል ፍጥነት ይፈለጋል፤ ይህም በሰዓት ከ2 ጊጋ ባይት በላይ ማለት ነው። ስለዚህ በመጠን የሚሸጥ የሞባይል ዳታ ለዕለት ተዕለት ቴሌቪዥን ውድ ይሆናል።

ንጽጽር

ዲሽ አንዴ ከተገጠመ በኋላ ክፍያ የማይጠየቅባቸውን ጣቢያዎች ያለ ወርኃዊ ወጪ ያሳያል፤ አንድ ሺህም ሆነ አንድ ሚሊዮን ቤት ቢከፍት ጥራቱ አይለወጥም። ኢንተርኔት ወርኃዊ ክፍያ አለው፤ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲጠቀምም ሊዘገይ ይችላል። በሌላ በኩል ያመለጠን ዝግጅት በኋላ ለማየት ያስችላል፤ በዝናብም አይዳከምም። ይሁን እንጂ በምሰሶ ላይ የተዘረጋ መስመር በሚወድቅ ቅርንጫፍ ሊበጠስ ስለሚችል ገመድም ከዛፍ ሙሉ በሙሉ አያመልጥም። መብራት ሲጠፋ ሁለቱም ይቆማሉ።

ስለዚህ በየካ ተዳፋት ላይ ላለ ቤት አመቺው ቅደም ተከተል የሚፈለጉት ጣቢያዎች የሚገኙበትን ሳተላይት መለየት፣ በዚያ አቅጣጫ ያለውን ዛፍ መለካት፣ ከዚያም ዲሹን ማዛወር ነው። በገመድ የሚመጣ አገልግሎት የሚያዋጣው በግቢው ውስጥ ለየትኛውም ተፈላጊ ሳተላይት ክፍት ሰማይ ሲታጣ፣ ወይም ቤቱ ኢንተርኔት ለሌላ ጉዳይ አስቀድሞ የሚከፍል ሲሆን ነው።