ሩጫና ደብተር፦ በስሜን ተራሮች ግርጌ ላሉ ወጣት ሯጮች

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከዳባት ተነስቶ በደባርቅ በኩል ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚዘልቀው አገር ደጋ ነው። ብዙ የገጠር ልጆች በጠዋት ተነስተው፣ ረጅም መንገድ በእግራቸው ተጉዘው ትምህርት ቤት ይደርሳሉ። ሯጭ የመኾን ምኞት ያላቸውም ጥቂት አይደሉም። ከምኞቱ ጋር ለወላጅ የሚከብድ ጥያቄ ይነሳል፦ ልጁ ትምህርቱን ትቶ ወደ ክለብ ይግባ ወይስ ይማር?

ደጋው የሚሰጠው ጸጋ

እ.አ.አ በ2002 የታተመ ጥናት በስሜን ተራሮች በ3 ሺህ 530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎችን ደም መርምሯል። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ዘንድ የተለመደው የሄሞግሎቢን መብዛት አልታየባቸውም። በደማቸው ያለው ኦክሲጅንም በዝቅተኛ ቦታ ከሚኖር ሰው ጋር ተቀራራቢ ኾኖ ተገኝቷል። ሰውነታቸው ከከፍታው ጋር ተስማምቷል ማለት ነው። ይህ ጸጋ ግን የአካባቢው ሕዝብ የጋራ እንጂ የአንድ ልጅ ብቻ አይደለም። አንዱን ከሌላው የሚለየው ልምምድና የሚከፈትለት በር ነው።

የክለብ መንገድ

የኢትዮጵያ አትሌቲክስ በዋናነት ያደገው በክለቦች ነው። እ.አ.አ በ1960 ሮም ላይ ማራቶንን ያሸነፈው አበበ ቢቂላ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር። ዛሬም እንደ መቻልና ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ያሉ ክለቦች ሯጮችን ይይዛሉ። በክለብ ውስጥ የሯጩ መለኪያ ሰዓቱ ነው፤ የትምህርት ውጤቱ አይደለም።

የዩኒቨርሲቲ በር ደግሞ በሌላ ቁልፍ ይከፈታል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት በጀመረበት የመጀመሪያ ዙር፣ የ2014 ዓ.ም ተፈታኞች ውጤት ሲገለጽ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3 ነጥብ 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም 5 ነጥብ 4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ 8 ነጥብ 4 በመቶ ኾኗል። እንዲህ ባለ ፈተና ፊት ለሩጫ ብሎ ከክፍል የቀረ ተማሪ የጎደለበትን በኋላ ለመሙላት ይቸገራል።

ሩጫና ትምህርት የታሰሩበት ሥርዓት

በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ኹለቱ በሕግ የተያያዙ ናቸው። በብሔራዊ የኮሌጅ አትሌቲክስ ማኅበር አንደኛ ዲቪዚዮን ለመወዳደር ተማሪው ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በሚቆጠሩ 16 መሠረታዊ ኮርሶች ከ4 ነጥብ ቢያንስ 2 ነጥብ 3 አማካይ ውጤት ያስፈልገዋል። ኮሌጅ ከገባ በኋላም ሦስተኛ ዓመቱን ሲጀምር የዲግሪውን 40 በመቶ፣ አራተኛውን ሲጀምር 60 በመቶ ማጠናቀቅ አለበት። በውድድር ወቅት ልምምዱ በሳምንት ከ20 ሰዓት እንዳይበልጥ ተገድቧል፤ አንድ ቀንም ዕረፍት ነው።

በማኅበሩ ስሌት ከአንደኛ ዲቪዚዮን ተማሪ ስፖርተኞች 90 በመቶ ገደማ የሚኾኑት በስድስት ዓመት ውስጥ ይመረቃሉ። ስሌቱ በጥሩ ውጤት ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ የተዛወሩትን እንደ አቋረጡ አይቆጥርም።

ከኢትዮጵያውያን ወላጆች አሜሪካ የተወለደው ያሬድ ንጉሤ የዚህ መንገድ ምሳሌ ነው። በኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ባዮኬሚስትሪ እየተማረ እ.አ.አ በ2019 የኮሌጆች የ1 ሺህ 500 ሜትር ሻምፒዮን ኾነ። በ2021 ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ቢመረጥም በጭን ጡንቻ ጉዳት ሳይሮጥ ቀረ። በዚያ ወቅት ግን በእጁ ዲግሪ፣ በልቡም የጥርስ ሕክምና የመማር ሐሳብ ነበረው። በ2024 ፓሪስ ላይ በ3 ደቂቃ ከ27.80 ሰከንድ የነሐስ ሜዳሊያ አገኘ። ጉዳቱ ባይድን ኖሮም ሥራ አያጣም ነበር።

ከ9ኛ ክፍል የሚጀምር ዝግጅት

የውጭ ነጻ የትምህርት ዕድል ለሚያስቡ ቤተሰቦች ዝግጅቱ ከ9ኛ ክፍል ይጀምራል። የየዓመቱን የትምህርት ማስረጃ በጥንቃቄ መያዝ፣ እንግሊዝኛን ማጠናከርና በይፋዊ ውድድር የተመዘገበ ሰዓት መያዝ ያስፈልጋል። ትምህርት ጨርሶ ለዓመታት ሲወዳደር የቆየ ሯጭ በኮሌጅ የሚወዳደርበት ዘመን ሊቀነስበት ይችላል። ዕድሉ የሚሰጠው በዩኒቨርሲቲው በጽሑፍ ነው፤ ስለዚህ በደላላ ቃል ብቻ ተማምኖ በሬ ወይም መሬት ለገንዘብ ማዋል አደጋ አለው።

እዚሁ ለሚቀረው ልጅም ስሌቱ ያው ነው። በቀን ኹለት ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን የሚሮጥ ተማሪ የሚያውለው 12 ሰዓት ነው፤ ይህም ለአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርተኛ ከተፈቀደው ያነሰ ነው። ልምምዱ ከትምህርት ሰዓት በፊት ቢኾን፣ በአጨዳና በውቂያ ወቅትም ቤተሰቡ ሥራውን ቢያቃልልለት፣ ለጥናት የሚኾን ጊዜ ይተርፈዋል። ክለብ የሚጠራው ልጅም ወላጆቹ ከመፍቀዳቸው በፊት ትምህርቱን የት እንደሚቀጥል ክለቡን መጠየቅ ይችላሉ።