የንጉሡ መኪና ከማን ወደ ማን አለፈ?



እንደሚታወቀው ከተማችን አዳማ (ናዝሬት) የመንገድ ከተማ ናት። ባቡሩ በዚች አልፏል፤ የጅቡቲ ከባድ መኪናም በዚች ያልፋል፤ ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የፍጥነት መንገዱ ከአዲስ አበባ መጥቶ እዚሁ ያበቃል። ስለዚህ ሽማግሌዎቻችን ሲሰባሰቡ የመኪና ወሬ አይጠፋም፤ ከወሬውም መካከል «የንጉሡ መኪና» አይቀርም። ያ መኪና ከየት መጣ? የማን ነበር? በመጨረሻስ የማን ሆነ? ነገሩ ለእድርተኛም የሚያስተምረው ስላለ ባጭሩ አቅርቤዋለሁ።

ወደ አገራችን የመጀመሪያው አውቶሞቢል የገባው በ1900 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ቤዴ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለውን መኪና ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ አደረሰው። በዚያን ጊዜ ባቡሩ ገና ከድሬዳዋ አላለፈም ነበር፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ለመኪና የተሠራ መንገድማ ከየት መጥቶ! ከቤንትሌይ በኋላም ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ ናኬ የተባለውን መኪና ይዞ ደረሰ።

መኪና ብቻውን ግን አይነዳም፤ የሚያውቀው ሰው ያስፈልገዋል። ስለዚህ ተሰማ እሸቴ (በኋላ ነጋድራስ) ትምህርቱን እንዲቀስሙ ከሆልትስ ጋር ወደ ጀርመን ተላኩ። እዚያም ሳሉ ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ዛሬ ስማቸው የሚነሣው ይበልጡን በሸክላው ነው እንጂ በመሪው አይደለም። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን መኪና የመንግሥት ክብር መግለጫ ሆነ። ጃንሆይ ከስደት ተመልሰው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ የተቀመጡት በጣሊያን ሥሪት አልፋ ሮሜዮ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት እነ ሮልስ ሮይስን የመሰሉ ረጃጅም የክብር መኪናዎች በቤተ መንግሥቱ ጋራዥ ተሰለፉ። ጃንሆይ ወደኛም አካባቢ ይወርዱ ነበር፤ ቢሾፍቱ ቤተ መንግሥት ነበራቸው፤ በ1952 ዓ.ም. የቆቃን ግድብ የመረቁትም እሳቸው ናቸው። መኪናቸው በሚያልፍበት መንገድ ሁሉ አቤቱታ ያለው ሰው ወረቀቱን ይዞ ይጠብቅ ነበር። ያ መኪና ለድሀው ማጌጫ ብቻ አልነበረም፤ እንደ ችሎት በር ነበር ማለት ይቻላል።

ታዲያ ባለቤቱ ማን ነበር? ንጉሡ ናቸው ወይስ መንግሥት? በዚያ ዘመን ይህን ለይቶ የሚጠይቅ አልነበረም። መልሱ የመጣው በአብዮቱ ነው። ነሐሴ 1966 ዓ.ም. በ1948 ለኢዮቤልዩ በዓል የተሠራው ቤተ መንግሥት ተወርሶ «ብሔራዊ ቤተ መንግሥት» ተባለ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይ ከዙፋን ሲወርዱ ከዚያው ግቢ የወጡት በሮልስ ሮይስ ሳይሆን በትንሽዬ ቮልስዋገን ነው። ሰውየው ሄዱ፤ መኪናዎቹ ቀሩ። ቤተ መንግሥቱም ታድሶ በ2017 ዓ.ም. ሙዚየም ሲሆን መኪናዎቹ ለሕዝብ ዕይታ ቀረቡ። በአጀብ የሚታይ የነበረውን ዛሬ ማንም ትኬት የቆረጠ ቀርቦ ያየዋል።

እዚህ ላይ አሮጌ መኪና ማደስ ቀለም መቀባት ብቻ የሚመስለው ይኖራል። አይደለም። ዓመታት የቆመን ሞተር ቁልፍ አዙሮ ማስነሣት ማጥፋት ነው። ካንዴላው ይፈታል፣ በቀዳዳው ዘይት ይንጠባጠባል፣ ፒስተኑ እስኪላቀቅ ሞተሩ ቀስ ተብሎ በእጅ ይዞራል። የፍሬኑ ጎማ ይለወጣል፤ የቤንዚኑ ጋን ይታጠባል። በድሮዎቹ የክብር መኪናዎች ከላሜራው ሥር የእንጨት አጥንት ስላለ አናጺም ያስፈልጋል። እንደኛ ባለ ሞቃትና ደረቅ አገር ዝገቱ ቀለል ይላል፤ ፀሐዩ ግን ጎማውንና የወንበሩን ቆዳ ይሰነጥቃል፤ አቧራውም አይምርም። ከሁሉ በፊት ግን ሊብሬው ይፈለጋል። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩ ከወረቀቱ ጋር ካልተመሳከረ የመኪናው ታሪክ ተረት ሆኖ ይቀራል።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። እኛም የጋራ ንብረት አለን፤ ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱ። «ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? የጋራ ንብረት ዕድሜው የሚረዝመው የሚጠብቀው ሰው ሲኖርና በመዝገብ ሲሰፍር ነው። ንብረቱን ብቻ መመዝገብም አይበቃም። የነዳው፣ የጠገነው፣ የጠበቀው ሰውም ሊጻፍ ይገባዋል። የመጀመሪያውን ሹፌር ስም ያቆየልን ሸክላው ከሆነ፣ ያልዘፈነው መካኒክ ስም በምን ይቆያል? በየቤታችን ዕድሜውን በመሪና በመፍቻ የጨረሰ አባት አለ። አፈር ከለበሰ በኋላ ለቀብሩ ከመሰለፍ በፊት፣ በሕይወት ሳለ ጠይቀን ታሪኩን እንጻፍ። እድር የሚያስፈልገው ለመቅበር ብቻ ሳይሆን ለማስታወስም ነው።